የሊማሊሞው የአሸዋ አልጋ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስክር ወረቀትም በመስተዋት አሠርተው ሰጡኝ። አዳራሹ ጠዋት የመንገድ ደኅንነት ስብሰባ ተደርጎበት ነበርና ባነሩን ሳያወርዱ እኔን ከሥሩ አስቀመጡኝ። በአንድ ወጪ ሁለት ድግስ መሆኑ ነው። ባነሩ «የአደጋ ሁሉ መነሻ የአሽከርካሪው ባሕርይ ነው» ይላል። ኃላፊያችን ልጄ ሊሆን የሚችል መሐንዲስ ነው፤ ተነሥቶ «ጋሽ ይርጋ በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ቀን ስማቸው ከአደጋ ጋር ተነሥቶ አያውቅም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ።

ቤቴ ስገባ ጋቢውን አውልቄ ወረወርሁት። ባለቤቴ «ምነው፣ ማን ነካኽ?» አለችኝ። የነካኝ ያ ምስጋና ነበር። ስሜ አልተነሣም፤ እውነት ነው። መነሣት ግን ነበረበት። ይኸን የምጽፈው በዚያ ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ሥራዬ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ በሚያልፈው መንገድ ላይ ጥገና ነበር። በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። ቀጥሎ ካፖ ሆንሁ፤ የአንድ ጓድ አለቃ ማለት ነው። በመጨረሻ ፎርማን ተብዬ ወጣሁ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ የሚወራ አልነበረም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። በክረምት ውኃ የሚሻገረው የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደ ሆነ፣ በሐምሌ ጭጋግ ድንጋይ የሚጥለው የትኛው ግድግዳ እንደ ሆነ፣ የከባድ መኪና ፍሬን መሽተት የሚጀምረው የት ላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሰው የሚሞተው መንገዱን በማያውቅ ሾፌር ብቻ አይደለም። ቢሮ ተቀምጦ መንገዱን በማያውቅ ሰውም ይሞታል። ከሁሉ የከፋው እያወቀ ዝም ያለው ነው፤ ይኸኛው እኔ ነኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ታከለ ናቸው። የደረስጌ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣ ግን ቶሎ የማይሄድ። እኔ ስቀጠር ካፖው እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ሌላው እሳት ከቦ ሲሞቅ እሳቸው አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁልቁለቱን በእግራቸው ይወርዳሉ። መኪና የተበላሸበት ሾፌር ጎማው እንዳይንሸራተት ድንጋይ ታኮ ያደርግና ሲነሣ ድንጋዩን መሐል መንገድ ትቶት ይሄዳል። አያ ታከለ እነዚያን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሡ ያወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይም ያስቀመጠውን ሰው ከነአባቱ ይሰድባሉ። የሚወርድ መኪና ሲሰሙ ቆም ይላሉ። ሞተሩ እያጓራ ከወረደ በማርሽ ነው፤ ያሳልፉታል። ሞተሩ ዝም ብሎ የጎማ ድምፅ ብቻ ከተሰማ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለቆታል ማለት ነው። ያን ጊዜ አካፋቸውን ሽቅብ አንሥተው መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ።

«አንተ! ይኸ እናትኽ ቤት መውረጃ መሰለኽ? ማርሽ አስገባ!»

ሾፌሩ ይሳደባል፤ ግን ያስገባል። እኔ ያን ያህል ደፋር አልነበርሁምና ዳር ቆሜ አያለሁ።

«አደጋ ደረሰ» የሚባል አነጋገርም አይወዱም ነበር። አንድ ጠዋት እንዲያ ብዬ ስነግራቸው፣ «ምኑ ነው የሚደርሰው? እንግዳ ነው?» አሉኝ። «ማን ምን እንዳደረገ ንገረኝ። እሱን ካላወቅህ ዝም በል።» እኔ እስከ ዛሬ ከመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ አንድም አላየሁም።

አሁን ወደ አሸዋው ልምጣ። ከመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች በታች መንገዱ ወደ ግራ ይዞራል። በግራ በኩል የተቆረጠ ተራራ አለ፤ ግድግዳ ነው። መንገዱ ሲዞር ፊት ለፊት የሚቀር አንድ ጠባብ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ ገደል ነው። አያ ታከለ ፍሬን እምቢ ያላቸው ሁለት መኪኖች ሜዳውን አቋርጠው ገደል ሲገቡ አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ያን ሜዳ አሸዋ አለበሱት። ፕላን የለው፣ በጀት የለው፣ ያዘዛቸው ሰው የለ። ባዶውን የሚመለስ የእኛ ገልባጭ ባገኙ ቁጥር ከዛሪማ ወንዝ ጠጠርና አሸዋ ያስጭናሉ።

የተፈጨ ድንጋይ ደጃችን ተከምሮ እያለ ለምን እስከ ወንዝ እንደምንሄድ ጠየቅኋቸው። ከሁለቱም ዘግነው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «የተፈጨው ጥርስ አለው፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ መኪና በላዩ ያልፋል። የወንዙ ክብ ነው፤ ይሸሻል፤ ጎማ ይውጣል» አሉኝ። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይጠቀጠቃልና ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በዶማ እንገለብጠዋለን። ስንጨርስ አያ ታከለ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡበታል። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ካልሰመጠ «ድገሙት» ይላሉ። ወገባችን ተቆርጦ እናጉረመርማለን፤ እንደግመዋለንም።

ሾፌሮች «የታከለ አልጋ» ብለው ጠሩት። ደባርቅ ላይ ምሳ ሲበሉ «ቀስ ብለኽ ውረድ፤ አለዚያ ታከለ አልጋ አንጥፎ ይጠብቅኻል» እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር። በእኔ ዕድሜ ሦስት መኪና ገብቶበታል። ሦስቱም ሾፌሮች በእግራቸው ወጡ። ከነሱ አንዱ ወርዶ መሬቱን ሲስም አያ ታከለ ዶማ ይዘው መጡበት። «መሳሙን ተወውና ያበላሸኸውን አልጋ አንጥፍ» አሉት። ሰውየው ከእኛ ጋር ሲቆፍር ዋለ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ካፖነቱን ለእኔ ሰጡኝ። «ሌላውን ሁሉ ብትተው ይኸን እንዳትተው» አሉኝ። በቃል ነው፤ ወረቀት አልነበረውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ። እኔም አልተውሁትም፤ አስፋልቱ ሲመጣ የግሬደር ነጂውን ለምኜ ሜዳውን ሳይነካ በዳር አሳልፌዋለሁ። በአስፋልቱ ላይ መኪናው ፈጠነ፤ የባለንብረቱ ጥድፊያም ፈጠነ፤ የፍሬን ሸራ ግን ያው አልቆ ብረቱ ካልጮኸ የሚቀይረው የለም። ስለዚህ አልጋው ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ከባድ መኪና አይወርድም፤ እኛም አንሠራም። መንገዱ ሲከፈት አሸዋው ሣር በቅሎበት አገኘሁት። ለመገልበጥ ሰው አልነበረኝም፤ ጓዱ ተበትኗል። ይኸን ሰበብ አድርጌ አላቀርበውም። ሰበቡ ሌላ ነው።

አባ ኃይሉ የሚባሉ ካህን በአቅራቢያችን ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ነበሩ። ጣራዋ ተጎድቶ ስለ ነበር ምእመናኑን ይዘው መታጠፊያው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ሥዕሏን አቁመው ከመንገደኛ ይለምናሉ። መታጠፊያውን የመረጡት መኪና እዚያ ፍጥነቱን ስለሚያበርድ ነው። መታጠፊያ ላይ መቆም ሞት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። አንድ ሚኒባስ ዲያቆኑን ለጥቂት ሳተው። እኔ ደርሼ ጮኽሁባቸው።

«አባ፣ ይነሡ ከዚህ! ሰው ሊያስጨርሱ ነው!»

«የት እንሂድ ታዲያ ልጄ?» አሉኝ። «ቀጥ ባለው ላይ እንቁም ብንል እንደ ጥይት እያለፉ ማን ይቆምልናል? አንተ መንገዱን ታውቃለኽ። ቦታ አሳየንና እንነሣለን።»

አየሁ፤ በዚያ ገደላገደል ውስጥ ሰው የሚያስቆም አንድ ደልዳላ ቦታ ብቻ አለ፤ የታከለ አልጋ። ለራሴ የነገርሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ስንት ዓመት ሆነው መኪና ከገባበት? የዛሬ መኪና አዲስ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዛል። ሰውን ከመታጠፊያ ማንሣት ይበልጣል። በዚያ ሳምንት ሮለር ከጎናችን ይሠራ ነበር። አባ ኃይሉና አሮጊቶቹ እግራቸው እየሰመጠ እንዳይቸገሩ አስቤ አሸዋው ላይ አፈር አስደፋሁና በሮለር አስጠቀጠቅሁት። ከድሮው ጓድ የቀረ አንድ ሰው «አያ ታከለ ቢያዩኽ!» አለኝ።

«አያ ታከለ ሞተዋል» አልሁት።

ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ነፍስ ያዳንሁ መስሎኝ ነበር። በራሴ ላይ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸ ደስታዬ ነው።

ሜዳው ከተደለደለ በኋላ ደግሞ የሚያየው በዛ። ቆርቆሮ ተገትሮ ሻይ ቤት ሆነ፤ አንድ ቢሮ ፈቃድ ሰጠ። ሚኒባስ መቆሚያ አደረገው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝስ ምን እል ነበር?

ካሣ የዳባት ሾፌር ነው፤ ያን ቁልቁለት ከልጅነቱ ጀምሮ የወረደ፣ በማርሽ የሚወርድ፣ አያ ታከለ አካፋ ካላነሡበት ጥቂቶች አንዱ። የማርያም ዕለት ረፋድ ላይ፣ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሲሚንቶ ጭኖ ብቻውን ይወርዳል። እኔ ከሜዳው ትንሽ ዝቅ ብዬ የተደፈነ ቱቦ ስጠርግ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣብኝ። ቀና ስል ከላይኛው መታጠፊያ ነጭ ጭስ አየሁ። ቀጥሎ ጡሩምባው። ሳያቋርጥ ነው የሚነፋው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ሾፌር ጃንጥላና ሥዕል ሲያይ ጡሩምባ ነፍቶ ይሳለማል። ከጃንጥላው ሥር የነበሩት ሰዎች ሰላምታ መሰላቸው። አንዳቸውም አልተነሡም። አባ ኃይሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መኪናውን ባረኩት። እኔ «ሽሹ!» እያልሁ ሽቅብ እሮጣለሁ፤ ድምፄ አልደረሰም።

መኪናው ወደ ሜዳው ቀጥ ብሎ ነበር። ሾፌሩ ቦታውን ፈልጎ እየመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ሰዉን ሲያይ አፍንጫው ወደ ግራ ተመዘዘ። ወደ ግድግዳው። ድምፁን አልገልጸውም። የሲሚንቶው አቧራ ሁላችንንም ሸፈነን፤ ሲገለጥ ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ አንድም የተነካ የለም። ካሣን ከብረቱ ውስጥ ስናወጣው ቀኝ እግሩ እንደሚቆረጥ ለማንም ግልጽ ነበር። ዓይኑን ገልጦ እኔን አየና «አሸዋው የት ሄደ?» አለ።

«አይዞኽ» አልሁት። በዙሪያው ያሉት «ይቃዣል፣ ምስኪን» አሉ።

በሳምንቱ አደጋውን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ለኩ፣ ፎቶ አነሡ። ከነሱ አንዱ ሆስፒታል ሄዶ ካሣን አነጋግሮት ነበርና እኔን ጠየቀኝ። «ሾፌሩ እዚህ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተዘጋጀ አሸዋ ነበር ይላል። ነበር ወይ?»

«በፕላኑ ላይ የለም» አልሁ።

ውሸት አይደለም። በፕላኑ ላይ የለም። ሰውየው «የለም» ብሎ ጻፈ። ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ አልጨምርበትም። ሰው ስላልሞተ ፋይሉ በአንድ ገጽ ተዘጋ። «ከቁልቁለቱ ጋር ያልተመጣጠነ ፍጥነት፤ የአሽከርካሪው ጥፋት።» ባለንብረቱ ካሣን በዚያው ወረቀት አሰናበተው። መንገዱ ላይ «ፍጥነት ቀንሱ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ ፍሬን የበጠሰ ሰው አንብቦ እንዲቀንስ።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤቶቹ ተነሥተው አሸዋው እንዲመለስ በተደጋጋሚ ጻፍሁ። መልሱ «በዲዛይን ያልተካተተ» የሚል ነው። አንድ ቀን ወጣቱ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ።

«ጋሽ ይርጋ፣ ዳታ አለዎት? ይኸ አሸዋ የሚሉት ነገር ሠርቶ ያውቃል?»

«ሦስት መኪና አትርፏል።»

«ተመዝግቧል?»

«ሰዎቹ እኮ አልሞቱም፤ ማን ይመዘግባቸዋል?»

ትከሻውን ሰበቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን በዚያ ቢሮ ሰው ሬሳ ካልሆነ ቁጥር አይሆንም፤ ቁጥር ካልሆነም በጀት አያገኝም። ጠረጴዛውን መገልበጥ አማረኝ። አንድ ማስረጃ ነበረኝ፤ ካሣ። ካሣን ለማቅረብ ግን ራሴን ማቅረብ ነበረብኝ። ደብዳቤዬን አጥፌ ወጣሁ።

ከሽኝቱ በኋላ ባለው ሳምንት ዳባት ወረድሁ። ካሣ ከመንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቷል፤ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጎማ ይለጥፋል። ስጠይቅ ቤቱን ያሳየኝ የባጃጅ ሾፌር «ካሣ አሸዋው ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ስቆ ነበር። ስሙ እንዲህ ሆኖ እንደቀረ ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ጋሽ ይርጋ! ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

አልተቀመጥሁም። ብቀመጥ የሰው ወሬ ውስጥ ገብቼ ሳልናገር እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

«ካሣ፣ አሸዋው ነበረ» አልሁት።

ጎማ የሚፈታበትን ብረት መሬት ላይ አኖረ። «ይድገሙት።»

«ነበረ። አያ ታከለ ያኖሩት ነው። አፈር አልብሼ በሮለር ያስጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም የለም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ብረቱን ያነሣብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ጓሮ ዞሮ መጣራት ጀመረ። «ጥሩወርቅ! ኧረ ነይ! ነይ ስሚ!» ባለቤቱ እጇን እያደረቀች መጣች። «ስሚ፤ አላበድሁም። ነበረ ይላሉ።» ወደ እኔ ዞረ። «ጭንቅላትኽ ተመትቶ ነው አሉኝ፤ ሐኪሙም አለኝ፤ ሰውም ሳቀብኝ። በመጨረሻ እኔም ራሴን አላመንሁትም። በሌለ አሸዋ ተማምኜ ነው የሄድሁት፣ እግሬን በራሴ ቅዠት ነው ያጣሁት እያልሁ ስንት ቀን አለቀስሁ መሰለዎት? ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርሁ እኮ! አልጋው ጋ ከደረስሁ ተረፍሁ ብዬ ነበር እኮ!»

እያለቀሰ ይስቃል። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም። ቁማ አየችኝ።

«ሲጠይቁ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርሁ።»

«እኔ ባሌ እንደማይዋሽ አውቃለሁ፤ ለእኔ መንገር አያስፈልግዎትም» አለችኝ። «ጥፋተኛ ነው ያሉት በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ይመልሱት። ስምዎንም ይጻፉበት፤ እንደዚያኛው ስም የሌለው ወረቀት አይሁን።»

በሳምንቱ ቃሌን ጽፌ ደባርቅ ቢሮ ሄጄ አስገባሁት። ወጣቱ ኃላፊ አንብቦ «ጋሽ ይርጋ፣ በክብር ተሸኝተው ይኸን ምን ቸገረዎት? ይውሰዱትና ይቅር» አለኝ። ማኅተም እስኪመታበት ድረስ ከፊቱ አልተነሣሁም። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጡኝም፤ ሜዳውም እንደ ጠጠረ ነው፤ ሻይ ቤቱም አልተነሣም። ስለዚህ ቃሌን እዚህም እጽፈዋለሁ፦

እኔ ይርጋ አድማሱ፣ የመንገድ ጥገና ፎርማን የነበርሁ፣ በዚያ ቦታ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተዘጋጀ አሸዋ እንደ ነበረና ያጠፋሁት እኔ እንደ ሆንሁ አረጋግጣለሁ። ካሣ ቦታው ላይ ሰው አይቶ መኪናውን በፈቃዱ ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚያ ቀን ከጃንጥላው ሥርና ከሻይ ቤቱ ደጅ ሃያ ሦስት ሰው ነበረ፤ ከካህኑ ጀምሬ አንድ በአንድ ጠይቄ ስማቸውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሁሉም በሕይወት አሉ። ይመዝገብልኝ።